ማሽኑ ምን ይጠጣ?

ባለፈው ሳምንት ወረታ መገንጠያው ላይ የደብረ ታቦር መኪና ስጠብቅ፣ አንድ ፎርክሊፍት፣ ያ በብረት ሹካው ሸክም የሚያነሳ ማሽን፣ ጥቁር ጭሱን እያንቦለቦለ ሲሚንቶ ሲያወርድ አየሁ። ጭሱ አፍንጫዬን ሲሞላው የእትዬ ጥሩወርቅ መጋዘን ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ የሩዝ መጋዘናቸው ንብረት ያዥ ሆኜ ነበር የምሠራው። ፎገራ ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ይሞላና ሜዳው ሁሉ ውኃ ይሆናል። በዚያ ዓመት የብዙ ገበሬ ሩዝ በአደራ እኛ ዘንድ ተከምሮ ነበር። ወለሉ ላይ እንዳለ ውኃ ቢያገኘው ያ ሁሉ ቤተሰብ የሚበላውም የሚዘራውም አይኖረውም። የብረት መደርደሪያው ደግሞ ረጅም ስለነበር ያለ ፎርክሊፍት የሚሆን አልነበረም።

ክርክሩ ታዲያ ማሽኑ ምን ይጠጣ የሚለው ላይ ነበር፤ ናፍጣ፣ ቡታጋዝ ወይስ በባትሪ የሚያዝ መብራት። የቡታጋዙ ነገር ቶሎ ቀረ፤ ሲሊንደሩን ባሕር ዳር ድረስ ማን እያመላለሰ ያስሞላል? የተሸካሚዎቹ አለቃ ጋሼ አዱኛ ከናፍጣ ሌላ አልሰማም አሉ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሱ ሰው ነበሩ፤ ማሽን ካላገሳ ጉልበት ያለው አይመስላቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ የወፍጮ ቤት ጩኸት ያሳደገን ሰዎች ነን።

እትዬ ጥሩወርቅ አልተከራከሩም። የናፍጣውን ለሙከራ አስመጡና፣ እርጥበት እንዳይገባ በሩን እንደ ወትሮው ዘግተን አሠራነው። ሁላችንም እያሳለን እንባ በእንባ ሆንን። በኋላ ከአንዱ ጆንያ እፍኝ ሩዝ ዘግነው፣ የሩዝ ነጋዴ እንደሚያደርገው በትንፋሻቸው አሙቀው አሸተቱና ለጋሼ አዱኛ አቀበሏቸው።

«እርስዎ ይህን ለልጆችዎ ያበላሉ?»

ጋሼ አዱኛ አሽትተው ሩዙን ወደ ጆንያው መለሱት። ባትሪውስ መብራት ሲጠፋ ብለው ግን ጠየቁ። ጥያቄው የእኔም ነበር፤ የወረታ መብራት እንደ እንግዳ ነው፣ ብዙ አይቀመጥም። እትዬ፣ መብራት ሲመጣ እናጠጣዋለን፣ ሲሄድ ይሠራል ብለው ባለ ባትሪውን መረጡ።

መብራት የጠፋው ሥራው በተጀመረ በማግስቱ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ አባራ፤ የሰፈሩ ወፍጮዎችም ጸጥ አሉ። ውኃው የመጋዘኑን ደፍ ለመሻገር ትንሽ ነበር የቀረው። ማሽኑ የፊት መብራቱን አብርቶ ሹካውን ከክምሩ ሥር አስገባ። ከዚያ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ያ ሁሉ ኩንታል ያለ ጩኸት ወደ ላይ ወጣ። ወለሉ የወረደ እንጂ ክምሩ የተነሳ አልመሰለኝም። በዚያ ጸጥታ ሩዙ ጆንያው ውስጥ ሽር እያለ ሲንሸራተት ይሰማ ነበር። ጋሼ አዱኛ የትከሻ ጨርቃቸውን አውርደው ቆሙ።

«ሩዝ እንዲህ ያለ ድምፅ ኑሮታል?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ ስሸከም የሚሰማኝ የገዛ ትንፋሼ ነበር።»

የመጨረሻው ክምር ሲወጣ የባትሪው ጠቋሚ ቀዩ ላይ ደርሶ ነበር። ውኃውም ገባ፤ ያገኘው ግን ባዶ ወለል ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደብ ድረስ ሄጄ መርከብ የሚያራግፉ ማሽኖችን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አፌን ያስያዘኝ ግን የለም። ዕድሜዬ ገፋ ሲል ደግሞ የሚገርመኝ ሌላ ሆኗል። ክምሩን ሲያነሳ ያ የብረት ማሽን ራሱ ከክብደቱ የተነሳ ለአፍታ ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ሸክም ዓመት ሙሉ የቻለው የጋሼ አዱኛ ጀርባ ነው፤ እኛም አጠገባቸው ቆመን ጆንያ ስንቆጥር፣ ያን ትንፋሽ አንድም ቀን አልሰማነውም።