የልብስ ሰፊዋ ጥጥ

የመዘምራን ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሁለቱንም ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ነው የምትሠራው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሙዚቃ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን ያስጮኻል።

«ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ዘፈን በጆሮዬ አይገባም» ትላለች።

በጆሮዋስ አይገባ ይሆናል። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው እግሯ ግን ዘፈኑ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲያዘግም ያዘግማል። ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ቁጭ ያለችው ዘማሪ፣ ያምናው ቀሚሷ ጠርዝ አንዳንድ ቦታ ለምን እንደተንጋደደ አሁን ገባት።

ከወዲያ አንድ የቆየ ዘፈን ተከፈተ፤ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ ነው። የልብስ ሰፊዋ እግር ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ካንዱ ጆሮዋ ጥጡን አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ደህና የገባውን ክር ከመርፌው መዝዛ፣ እንደገና ለማስገባት ትታገል ጀመር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልገባላትም።

ዘማሪዋ አላስቻላትም። «እትዬ፣ ዘፈን አልሰማም ይሉ አልነበር እንዴ?»

ሴትዮዋ ጥጧን አንስታ ጆሮዋ ውስጥ መልሳ ወተፈች።

«እሱን ዘፈን አትበዪው» አለች። «የልጆቼ አባት ነው።»