ምስክሩስ?

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ "ምስክሩስ" የምንላት ሴት አለች። ሥራችን ከታማሚ የተወሰደ እባጭን በስሱ ቆርጦ መስታወት ላይ መለጠፍና ቀለም መቀባት ነው። በዚያው መስታወት ጫፍ ላይ ቡናማ እንደሚሆን አስቀድመን የምናውቀውን ሌላ ቁራጭ እንለጥፋለን፤ ምስክር የምንለው እሱን ነው። እሱ ቡናማ ካልሆነ ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው። ይህቺ ሴት ውጤት ይዞ የመጣውን ሁሉ "ምስክሩስ?" ሳትል አታሳልፍም። እውነቱን ለመናገር ታሰለቻለች።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገቻትም እሷው ናት። ጡቷ ላይ እባጭ ተገኘና ናሙናው እኛው ዘንድ መጣ። "ሌላ ሰው ይሥራው" ብንላት "እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም" ብላ ድርቅ አለች።

የምንፈልገው የአንድን ጂን ሥራ ነው። ሴል እንዲባዛ የሚያዝ ጂን ነው፤ በደህናው ጊዜ ልኩን ያውቃል። አንዳንድ እባጭ ውስጥ ግን ቅጂው ይበዛና ትእዛዙ አያባራም፤ ሴሉም ያለ ዕረፍት ይባዛል። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን በሴሉ ዙሪያ ሲከማች ቡናማ ሆኖ ይታየናል። ከሌለ ሴሉ እንዲታይ የምንቀባው ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ቡናማው ቶሎ የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ፣ ሰማያዊ እንዲሆንላት ስትለምን ሰነበተች።

ሰማያዊ ሆነ። "እትዬ ተረፈች!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ መስታወቱን ወደ ጫፉ ገፋ አደረግኩትና ቀና አልኩ።

"ምስክሩስ?" አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። ምስክሩም ሰማያዊ ነበር። ለካ በጭንቀቷ ቡናማውን የሚያወጣውን ፈሳሽ ሳታደርግበት አልፋዋለች።

እኔ ደግሜ ሠራሁት። ምስክሩ ቡናማ ሆነ። የእህቷም ቡናማ ሆነ፣ ያውም ጥቁር ሊል የደረሰ። ወንበሯ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

ሐኪማችን አጠገቧ ተቀመጠ። "ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት እንዳለ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ሰማያዊ ነው ብለን ልከነው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ማንም አያዝላትም ነበር" አላት።

"እሱ እኮ ነው የሚያስለቅሰኝ" አለችው።

ከሥራ ስንወጣ አብሬያት ወደ እህቷ ቤት ሄድኩ። ምንም ሳትደብቅ፣ ስህተቷንም ጭምር ነገረቻት። እህትየው የስፌት መኪናዋን አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ስለምትወጂኝ ልትገድዪኝ ነበር እኮ" አለቻት።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እህትየው መርፌና ክር አንስታ ዘረጋችላት። "በይ ነይ፣ ይህን ክር አስገቢልኝ። ቀስ ብለሽ፣ ቀዳዳውን እንዳታልፊው።"