በንጉሡ አንገት ላይ የነበረው ስም

«ያ ወረቀት እናትሽን አያመጣትም» አሉኝ የኔታ፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ።

እኔም አፌን አልያዝሁም። «እርስዎስ ዕድሜ ልክዎን ፍየል ቆዳ ላይ ሲጽፉ ማን መጣልዎ?» አልኋቸው።

«እኔ ማን ይምጣልኝ ብዬ እጽፋለሁ?» አሉና ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። ሲናደዱ ቀለም ያንጠባጥባሉ። አላንጠባጠቡም።

የኔታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ በደሴቶቹና በዘጌ ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ብራና ላይ መጽሐፍ ይጽፋሉ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ሲሏቸው እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም ከዚያው ቀረሁ፤ አጎቴ ብያቸው አላውቅም። እናቴ ባሕሬን ለሰው ቤት ሥራ ስትሄድ ለእሳቸው ትታኝ ነው የሄደች። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ሐይቁ ዳር የጀልባ ቲኬት እቆርጣለሁ። እቆርጣለሁ ማለቴ ወግ ነው፤ ጎብኚ ከጠፋ ቆይቷል። ብዙውን ቀን የማደርገው ነፋሱ እንቦጩን ወደ ዳር ሲገፋው ማየት ነው። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። አንድ ቦታ ከቆየሁ እግሬ ብቻውን መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የኔታ «ያ ወረቀት» ያሉት ቴምብር ነው።

ቴምብር የለመድሁት ከጎረቤታችን ከመካኒኩ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ተወልደው ያደጉት አስመራ ነው። አባታቸው እንግሊዞች እዚያ በነበሩበት ጊዜ ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበር ይላሉ። እሳቸው በጎልማሳነታቸው ለፋብሪካው ሥራ መጡ፤ እዚሁ ቀሩ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስልኬን በሶላራቸው ቻርጅ ላደርግ ስገባ አልበማቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ይኼ ማነው ጋሼ?»

«የእንግሊዝ ንጉሥ።»

ገጹን ገለጥሁ። ያው ሰውዬ ነው። ደግሞ ገለጥሁ። ያው ነው፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ።

«አንድ ሰው ስንቴ ይታያል? አይሰለችዎትም?»

ሳቁ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ፊቱን ተዪው። ከላዩ የተጻፈውን አንብቢ።»

በጎላ ጥቁር ፊደል አንዱ ላይ ኤርትራ ይላል፤ አንዱ ላይ ታንጀር፣ አንዱ ላይ ኩዌት። እንግሊዞቹ በሰው አገር ፖስታ ቤት ሲከፍቱ አዲስ ቴምብር ለመሥራት አይደክሙም ነበር አሉኝ። የራሳቸውን ንጉሥ ይወስዱና የአገሩን ስም፣ ዋጋውንም በዚያ አገር መገበያያ፣ ከላዩ ያትሙበታል። አለቀ። ንጉሡ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሁሉም አገር ይገኛል። እኔም ቁጭ ብያለሁ፤ የትም የለሁም።

መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ገና ከፖስታው ቁራጭ ያልተላቀቀ ፈዛዛ ሰማያዊ ቴምብር አለ። አንገቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀምሁት። ባሕሬን።

«ይህን ይስጡኝ» አልሁ።

«አንድ ነው ያለኝ።»

«እናቴ እዚያ ናት።»

«አውቃለሁ። አንድ ነው ያለኝ።»

እናቴ እዚያ የምትንከባከበው አንዲት አሮጊት ነው። «መዳም» ነው የምትላት። መዳም ዐይኗ ጠፍቷል፤ ከእናቴ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። እናቴ በየዓመቱ «ለጥምቀት እመጣለሁ» ትላለች፤ ጥምቀት ሲቃረብ መዳም ትታመማለች። እዚህ ስልክም ዳታም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ለወራት ድምፅዋን አልሰማሁም። የተለቀቀ ዕለት የተጠራቀመው የድምፅ መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባ። ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በየተራ ከፈትሁት። አንዱ ላይ ለእኔ እያወራች ድንገት ወደ ዐረብኛ ትዞራለች። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ግን ሕፃን ሲያጎርሱ የሚባለውን ማን ያጣዋል? ክፈቺ፣ ትንሽ ክፈቺ፣ ጎሽ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ነበራት ለካ። ጥርስ በሌላት አሮጊት ቀናሁ።

«ባሕሬን ምን ይመስላል?» ብዬ ስጠይቃት «ቤት ነው» ትለኛለች። ከቤት አትወጣማ። ስለዚህ ለእኔ ባሕሬን ስልክ ላይ ያለ ድምፅ ነበር። ቴምብሩ ግን እዚያ የነበረ ነገር ነው። እዚያ አንድ ሰው በምላሱ አርሶ የለጠፈው፣ እዚያ ማኅተም ያረፈበት። በእጅ ይያዛል።

መካኒኩ ምን እንደጎደላቸው ደርሼበት ነበር። የአስመራ ማኅተም ጥርት ብሎ የሚነበብበት ቴምብር ነው የሌላቸው፤ ያለው ሁሉ የተጨማለቀ ነው። «ያን ባገኝ አባቴ የመታው ነው ብዬ አምን ነበር» ይሉኛል። ስለዚህ ሰው መጠየቅ ጀመርሁ። ጀልባ የሚጠብቀውን፣ ገበያ የሚሄደውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ። የሰው ፊት አይከብደኝም። በመጨረሻ ከዱርቤቴ በርበሬ የምታመጣ ሴትዮ «አማቴ ከአስመራ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ የድሮ ፖስታ ከቤታችን አይጠፋም» አለችኝ።

በገበያ ቀን ዱርቤቴ ወረድሁ። ፖስታዎቹ ነበሩ፤ የጎመን ዘር ተቋጥሮባቸው ጓዳ ተሰቅለዋል። የነጋዴው ሚስት በጣም ያረጁ ሴት ናቸው።

«ወረቀቱን ነው የምትፈልጊ?» አሉኝ። «ዘሩንስ?»

«ዘሩን አልፈልግም እማማ።»

«ይቺ ልጅ ጤና የላትም» አሏት ምራታቸውን፤ ዘሩን ወደ ፌስታል ገልብጠው ፖስታውን ሰጡኝ።

መካኒኩ ፖስታውን ወደ መስኮት ይዘው አነበቡት። አስመራ። ክቡ ሙሉ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። አሸተቱት። «የጎመን ዘር ይሸታል» አሉ፤ ከዚያ በወረንጦ ሰማያዊውን ንጉሥ ከነቁራጩ አንሥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለብ ያለ ውሃ ላይ አስተኚው። እንዳትጎትቺ። ሙጫው ሲለቅ ወረቀቱ ራሱ ይተወዋል።»

በማግሥቱ ጠዋት የሻይ ሳህን ላይ ውሃ አድርጌ አስተኛሁት። ገና ከማስተኛቴ ጀልባ ነጂው ደወለ፤ ጎብኚ መጥቷል። በዚያ ሰሞን ጎብኚ መጣ ማለት ተአምር ነው።

«የኔታ፣ ይቺን እንዳይደፏት። ሲለቅ አውጥተው ያድርቁልኝ» ብያቸው ሮጥሁ።

ከሰዓት ስመለስ የኔታ መስኮታቸው ሥር ናቸው። ደስ ብሏቸዋል።

«ነይ እይ። አጸዳሁልሽ።»

ቴምብሩ የብራና ቁራጭ ላይ ተኝቷል። ሰማያዊው ንጉሥ አለ። ዙሪያ ጥርሱም አለ። ባሕሬን ግን የለም። ስሙ በነበረበት ወረቀቱ ሳስቶ ወደ ብርሃን ሲይዙት ያሳልፋል። በዚያ በሳሳው ቦታ ላይ፣ ክታብ በሚጽፉባት ቀጭን ብዕር፣ በቀይ ቀለም የእናቴ የክርስትና ስም ተጽፏል።

«ምን አደረጉ?»

«ስም ነበረበት። ፋቅሁት።»

«የሰው ስም አይደለም እኮ የኔታ። አገር ነው። ባሕሬን ነው የሚል።»

ብዕራቸውን ዝቅ አደረጉት። «የፈረንጅ ፊደል የት አውቄ?» አሉ። «ከሥዕሉ ላይ በሌላ ቀለም ተጽፏል። የባለቤቱ ስም ነው አልሁ።»

በእሳቸው ሙያ እንደዚያ ነው። ዳዊት ሲጻፍ የባለቤቱ ስም ከጸሎቱ መሐል በቀይ ይገባል። መጽሐፉ በውርስ ወይም በሽያጭ ሌላ እጅ ሲገባ የፊተኛው ስም በካራ ይፋቃል፤ የኋለኛው በቦታው ይጻፋል። ከመፋቁ ብዛት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ብራና አሳይተውኛል። ማንም ተበላሸ አይልም። መጽሐፉ ሰው አገኘ ነው የሚባል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቃጠልሁ።

«ባለቤቱስ እኔ አይደለሁ? የኔን ስም ለምን አልጻፉም?»

«ያንቺን ልጽፍ ነበር የተቀመጥሁት። ብዕሩን ሳነሣ…» ተዉት። ብዕሩን በጨርቅ ይጠርጉት ጀመር፤ ጠርገው ጠርገው አልጨረሱም። «አንቺ የምትፈልጊ አገሩን ነው እሷን?»

ቴምብሩን ከብራናው ላይ አነሣሁት።

«እህቴ ናት እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ወጣሁ። መካኒኩ ዘንድ ሄጄ ቴምብሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እጅ ያለው ሰው ነው» አሉ። «ለሰብሳቢ ግን ሞቷል። ልደብቅሽ አልችልም።»

«ሌላ የለዎትም?»

«የለኝም። ቢኖረኝም አልሰጥሽም።»

«ለምን?»

መነጽሩን አስቀመጡት። «የአስመራ መንገድ የተከፈተ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲጎርፍ፣ እኔ ምን አልሁ መሰለሽ? ጉልበቴን ልታከምና እሄዳለሁ አልሁ። ሐኪም ዘንድ ስመላለስ፣ ማታ ማታ ይህን ሳገላብጥ፣ ተዘጋ። አስመራ እዚህ ውስጥ ያለች መስሎኝ አልቸኮልሁም።» አልበሙን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ለእኔ አሁን መንገድ የለም። ላንቺ አውሮፕላን አለ። እዚህ መጥተሽ ንጉሥ ፊት አታልቅሺ።»

«አላለቀስሁም።»

«እሺ። አፍንጫሽን ጥረጊ።»

እሑድ እናቴ ደወለች። ዳታ ስላልነበር በቀጥታ መስመር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ታወራለች። መዳም መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ልጆቿ ለምነዋታል። ውሉን አድሳለች። «ግን ለሚመጣው ጥምቀት…» ብላ ልትጀምር ነበር።

«አትምጪ» አልኋት። «እኔ እመጣለሁ።»

«ምን ልትሆኚ? የሰው ሽንት ቤት ልታጥቢ? እኔ ያጠብሁት አይበቃም?»

«ሥራ አልፈልግም።»

«እና እዚህ ምን አለ? ይህን አገር ዐይንሽ እንዳያየው ብዬ እኮ ነው እኔ ያየሁት።»

«አገሩን አይደለም። አንቺን ነው።»

ከኋላዋ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማል፤ እየጠራቻት ነው። አልሄደችላትም። «ሃሎ» አልሁ።

«አለሁ» አለች። «በቁመት በልጠሽኛል?»

«እንጃ። ከማን ጋር ቆሜ ልለካው?»

«እግርሽስ? ጫማ ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ወይ ጉድ» አለች። «እኔ ሠላሳ አምስት ነበር የተውሁሽ።» አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «የመዳምን ልጅ እጠይቃታለሁ። እሺ ካለች ለጉብኝት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።»

የመዳም ልጅ እሺ አለች። ፓስፖርቱ ነው ያዘገየኝ። እሱን ስጠብቅ ክረምቱ ወጣ፤ ሐይቁ ሞልቶ ጎደለ፤ እኔ ከማቆሚያው ጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ። የኔታ አልከለከሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። አንዳንድ ቀን ግን ሲጽፉ ዐይናቸውን ያሹና «ይቺን መስመር አንብቢልኝ፤ ሳትሁ?» ይሉኛል። ድሮ አይሉኝም ነበር። አነብላቸዋለሁ። አልሳቱም። እኔ ስሄድ ማን እንደሚያነብላቸው አስብና እንደገና እነሣለሁ፣ እዞራለሁ።

ቪዛው የአንድ ወር ነው። የሄድሁ ቀን መካኒኩ ከዘራቸውን ይዘው እስከ በሩ መጡ። የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገባቸው ቆሙ። ባጃጁ ደጅ ላይ ሞተሩን አላጠፋም።

«ሽሮው ጓዳ መደርደሪያው ላይ ነው» አልኋቸው የኔታን። «ጋዙን ሲጨርሱ ያጥፉት።»

«አጠፋለሁ።»

«ባለፈው አላጠፉም።»

«አጠፋለሁ አልሁሽ እኮ።»

«እኔ ጋዙን አይላቸዋለሁ» አሉ መካኒኩ።

«እርስዎ ደግሞ ከራስዎ ተርፈው ነው?» አልኋቸው።

የኔታ ግንባሬን በእጃቸው ነክተው በግእዝ ጥቂት ቃል አሉ። ከዚያ በአማርኛ «ንገሪያት» አሉኝ።

«ምን ልበላት?»

አሰቡ። «ደኅና ነው በያት። ዐይኑ ትንሽ ደክሟል፣ ይጽፋል ግን በያት።» ደግሞ አሰቡ። «ዐይኑን ተዪው። ይጽፋል በያት።»

«እሺ።»

«በይ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ሻንጣዬን ከመሬት አንሥቼ ባጃጁ ውስጥ አስገባሁ፤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ሹፌሩን «አየር ማረፊያ» አልሁት። ነዳው።