ስህተቱን ብቻ የያዙልኝ

ዛሬ ሰመራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ የእንግሊዝኛ ስህተት ላርም ስል፣ ክፍሉ በሙሉ ስህተቱን በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ።

«ብዙ ሰው እስማማለሁ ለማለት ‹አይ አም አግሪ› ይላል» ብዬ ገና ሳልጨርስ «አይ አም አግሪ» አሉ። አስተማሪ እንግሊዝኛ ከተናገረ ተከትሎ ማለት ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመዱት ይኼንኑ ነው።

«ስህተት ነው። ትክክሉ ‹አይ አግሪ› ነው» አልኳቸው። እሱንም ተቀበሉኝ፤ ግን በዚያ ሙቀት ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

ስህተቱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ በቀይ ጠመኔ ሰረዝኩት። ከነስረዛው ገለበጡት። (ስረዛውን በማስመሪያ ያሰመሩም አሉ፤ በንጽሕና አይታሙም።)

ፈተናው ላይ የትኛውን እንደሚጽፉልኝ ከወዲሁ አውቃለሁ።

ከሥራ ወጥቼ የሎጊያ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የድሮ ተማሪዬ ዘሃራ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዘንድሮ ዱብቲ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀምራለች።

«ቲቸር፣ ልክ እንደ እርስዎ ነው የማስተምረው» አለችኝ ደስ ብሏት። «መጀመሪያ ስህተቱን አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ትክክሉን።»

«ታዲያ ይይዙታል?»

«ወላሂ፣ በደንብ ነው የሚይዙት።»

«የትኛውን?»

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ሎጊያ እስክንደርስ ሁለታችንም ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ከባድ መኪናዎች ስንቆጥር ሄድን።

እናንተስ፣ ከትምህርት ቤት ይዛችሁ የቀራችሁት የትኛውን ነው? እዚህ ሥር ጻፉልኝ።

አላርምም።