መቃብር ቁጥር አርባ አንድ

ካሣዬ አገሩ ሳለ የእድሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ዶማውን ይዞ ቀድሞ የሚደርስ፣ አፈሩ ሳይመለስ ለንፍሮ የማይቸኩል ሰው። ዙሪክ ሲገባም እንጀራው ያው ቁፋሮ ሆነ፤ ልዩነቱ፣ እዚህ የሚቆፈረው ሙታንን ለማውጣት ነው።

በአሮጌው ከተማ አንድ ጎዳና ለቧንቧ ሲቆፈር የጥንት ግንብ ብቅ አለ። ከላይ የመካከለኛው ዘመን የቤት መሠረትና የቤተ ክርስቲያን መቃብር፣ ከሥሩ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት። ካሣዬ ከሚኖርባት ከኡስተር ከተማ በጠዋት ባቡር እየመጣ አፈር ይነፋል፣ ገል ያጥባል፣ ባልዲ ይሸከማል። ሰባት ወር በሙከራ ሠራ። ሰኞ ፌርትራጉን፣ ቋሚውን የሥራ ውል ማለት ነው፣ ሊፈርም ነበር። ያለዚያ ወረቀት ልጁን ብፅዓትን ከጎንደር ማስመጣት አይችልም። እናቷ ከሞተች ወዲህ በሰው ቤት ነው ያደገችው። ጥር ላይ ደግሞ አሥራ ስምንት ይሞላታል፤ ከዚያ ወዲያ ሕጉ "ልጅ" አይላትም።

ጄኔቭ ያለችው የአክስቱ ልጅ ኂሩት ጠባዩን ታውቃለች። "ስማኝ፣ እዚህ ከካቴድራሉ ሥር ያለውን ፍርስራሽ አይቼዋለሁ። አፅሙን መብራት አብርተው ነው የሚያሳዩት። አገራቸው ነው፤ አንተ የታዘዝከውን ብቻ ሥራ" አለችው። "እሺ" አላት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ዓርብ ከሰዓት ቁጥር አርባ አንድ ተከፈተ። የሦስት ዓመት ሕፃን ብትሆን ነው፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ተኝታለች። የቁፋሮው ኃላፊ ፍራው ኬለር "ፎቶውና ልኬቱ ሰኞ ይደርሳል፤ ላስቲክ አልብሰህ ዝጋ" ብላው ሄደች። ከአጥሩ ውጭ አላፊ አግዳሚው ስልኩን ደቅኗል፤ አንዱማ ጀርባውን ሰጥቶ ከአፅሟ ጋር ራሱን ፎቶ አነሳ። ሕፃን ልጅ አፈር ሳትለብስ ሦስት ሌሊት ልትከርም! ካሣዬ ላስቲኩን ወረወረው። አፈሩን በባልዲ መለሰባት፣ በአካፋ ጠቀጠቀው፣ "አፈሩ ይቅለልሽ" ብሎ አማተበ። ከዚያ ልቡ ቀሎት ቤቱ ገባ። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ጽድቅን ከሥራ ሰዓት ጋር የሚቀላቅል!

ሰኞ ፍራው ኬለር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። የሕፃኗ የጣት አጥንቶች ተበታትነዋል፤ ዘመኑ የሚለይበት የላዩ አፈር ከታችኛው ተደባልቋል።

"ስምንት መቶ ዓመት ማንም ሳይነካት ቆየች" አለችው። "ልብህ ገብቶኛል። ግን ከእንግዲህ ጉድጓድ ላይ ልተውህ አልችልም። ውሉን አልፈርምም።"

ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለብፅዓት ደወለ። መዋሸት አያውቅበትም፤ ሁሉንም ነገራት።

"አባዬ፣ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ጥር ይደርሳል?"

"ያልፋል።"

"ለማታውቃት ሬሳ ብለህ?"

"ሕፃን እኮ ናት፤ የሰው ልጅ ናት" አላት።

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?"

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት። ጥር ላይ አሥራ ስምንት ሞላት፤ ካሣዬ "እንኳን ተወለድሽ" ሊላት ሲደውል ቁጥሯ አይሠራም።