የአክስቴ መጋረጃ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ በፀጉር አስተካካዩና በጫማ ሰሪው መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት የስፌት መኪናዋና የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ ከኋላ ደግሞ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ። ደንበኛ ልብስ የሚለካው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እሷም የምትተኛው፣ የምታበስለው፣ ፀጉሯን የምትታጠበው እዚያው ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ምድጃና አንድ ረጅም መስተዋት አላት። እኛ ዘመዶቿ ሱቅ ብለነው አናውቅም፤ እትዬ ቤት ነው የምንለው።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። መጋረጃው ጋ የደረሰ ሰው ሁሉ ቆሞ «ልግባ?» ይላል፤ ውስጥ ልብስ የሚለካ ሰው ሊኖር ይችላላ። የሰፈሩ ሀብታምም ቢሆን፣ ታናሽ ወንድሟ አባቴም ቢሆን፣ ይህን ሳይል አያልፍም። እኔ አንዴ ዘው ብዬ ገብቼ ጆሮዬን ጠምዝዛ ወደ ውጭ ከመለሰችኝ በኋላ፣ «በል አሁን እንደ ሰው ግባ» ብላኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት ፖሊሶች የሚፈለግ አንድ ጎረምሳ አለ ብለው ወደ መንገዳችን መጡ። ሱቆቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። አክስቴ ጋ ሲደርሱ ከፊት ሰው የለም፤ እሷ ከኋላ ሆና ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። መጋረጃውን ገፍተው ገቡ። አልጋዋን ገለበጡ፤ ሣጥኗን ከፍተው የውስጥ ልብሷን ሳይቀር መሬት ላይ በተኑት። ያን የሚያህል ጎረምሳ እንዴት አድርጎ ሸሚዝ መሃል ይታጠፋል ብለው እንዳሰቡ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እሷ ፎጣ አንገቷ ላይ፣ ሳሙና ዓይኗ ውስጥ እንዳለ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት፣

«ማዘር፣ ሕጉ እኛ ነን» አላት።

የሚፈልጉትን ሰው አላገኙም። ምንም ሳይወስዱ፣ ምንም ሳይሉ ወጡ።

መንደሩ ነገሩ በዚህ አለቀ ብሎ ነበር። ምን ጠፋሽ? ምንም። ማን መታሽ? ማንም። ታዲያ ምን ሆንሽ ነው የምትይው? አክስቴን ግን ያቺ ንግግር እንቅልፍ ነሳቻት። ጨርቅ ስትቆርጥ ትነሣባታለች፣ ክር ስታስገባ ትነሣባታለች። «ሕጉ እነሱ ከሆኑ ይነገረኝና አርፌ ልቀመጥ። ካልሆኑ ደግሞ ለእነሱም ይነገራቸው» አለች። ደንበኛዋ የሆነች አንዲት ጠበቃ ነገሩን ያዘችላትና አክስቴ ፖሊስን ከሰሰች።

ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጭንቅላት ግማሽ ድረስ ላጭቶ ትቶ እስከ ሱቋ መጣ። «እትዬ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰሙም?»

«እኔ ምን ሰማይ አረስኩ? መጋረጃዬን ነው ያልኩት» አለችው። «ይልቅ ሂድ፣ ሰውየውን ጨርሰው።»

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደባት። ሱቅ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መጋረጃም በር አይደለም፣ ፖሊስ ማንም በሚገባበት ቦታ ቢገባ ጥፋት የለበትም ተባለ። ይግባኝ አለች። የይግባኙ ፍርድ ቤትም ያንኑ አጸና፤ እንዲያውም ቃላት ቆጥቦ።

አባቴ አናጢ ነው፤ ነገር አይወድም፣ እንጨት ነው የሚወደው። በመጀመሪያው ፍርድ ሰሞን በንዴት ተነሥቶ ሌላ ሥራውን ሁሉ አቁሞ በመጋረጃው ቦታ የሚገጠም በር ሠራላት። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ በር አልሠራም። ተሸክሞ ሲያመጣላት በመጣበት መለሰችው።

«በሩን ዛሬ ካስገባሁ፣ ያን ዕለት ቤት አልነበረኝም ማለቴ ነው።»

«እትዬ፣ ጠበቃዋ እኮ በር ብታስገቢ ክሱን አይጎዳውም ብላለች።»

«እሷ ክሱን ነው ያለችው። እኔን ይጎዳኛል።»

በሩ የአባቴ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ። ስንት ሰው ልግዛው አለው፤ አልሸጥም አለ። ክረምት መጥቶ ክረምት ሲሄድ ነፋሱ ከሱቋ የፊት በር ሥር እየገባ መጋረጃውን እያነሣ ጉልበቷን በላት። ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ፎጣ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ትሰፋለች፤ መጋረጃዋን ግን አትነካም። ግትር ናት እንዴ? አዎ፣ ግትር ናት። እኔም በልቤ ይህቺ ሴትዮ ውሃ ትወቅጣለች እል ነበር።

በመጨረሻ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ያ ሕንጻ የትልልቅ ሰዎች ቤት ይመስለኝ ነበር፤ ደረጃውን ስንወጣ አባቴ ሳያውቀው ጫማውን ጠረገ። አክስቴ ራሷ የሰፋችውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ይንቋቋል። የመንግሥት ጠበቃው ተነሥቶ ያችኑ መጋረጃ በር አይደለም የምትለውን ነገር አሳምሮ ተናገረ። ጠበቃችን ደግሞ የሚፈለገው ሰው እዚያ ቤት ሲገባ ያየ እንደሌለ፣ ፖሊሶቹም የዳኛ ፈቃድ እንዳልነበራቸው አስረዳች።

ከዚያ መሃል የተቀመጡት ሴት ዳኛ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አክስቴን አዩዋት።

«እናቴ፣ እስከ ዛሬ በር ያላስገቡት ለምንድነው?»

አባቴ ክንዴን ጨመደደው። የፈራነው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«በር ለሌባ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለች አክስቴ። «ለሰውማ መጋረጃ ይበቃል ብዬ ነው።»

«ደንበኞችዎስ እንዴት ነው የሚያልፉት?»

«ቆመው ልግባ ይላሉ።»

«ፖሊሶቹስ ምን አሉ?»

«ሲገቡ ምንም አላሉም። ከገቡ በኋላ ሕጉ እኛ ነን አሉኝ።»

ዳኛዋ የሆነ ነገር ጻፉ። የመንግሥት ጠበቃው የገዛ ጫማውን ያይ ነበር።

ፍርዱ በተነበበ ቀን የመንገዳችን ሱቆች ግማሹ ተዘግተው ነበር፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነበራ። ብዙው ንባብ የሕግ ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። መጨረሻው ግን ገባኝ፤ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «ሕጉ የሰው መኖሪያ አይደፈር ሲል የበሩን ዓይነት አልመረጠም። ሰው የሚኖርበት ሁሉ ቤት ነው፤ በብረትም ይዘጋ በጨርቅ። ፖሊስ ሕግ ያስከብራል እንጂ ሕጉ ራሱ አይደለም።»

እኔ በሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን አለቀስኩ። አክስቴ እንዲህ የምታኮራ ሰው መሆኗን ሳላውቅ ስንት ዓመት ቀሚስ ተኩሼላታለሁ። ደግሞ ፍርዱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ከካርቶን ክምር ጀርባ የሚተኛው ጫማ ሰሪ፣ ዳሱ ውስጥ የሚያድረው ዘበኛ፣ እኛ መንገድ ላይ ብቻ እንኳ ስንቱ ነው በር የሌለው። ጫማ ሰሪው ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «እኔም ባለ ቤት ነኝ ማለት ነው?» እያለ ይጠይቀን ነበር። ነህ እንለዋለን፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቃል። ፀጉር አስተካካዩም ሰማይ የሚታረስ መሆኑን እሱ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ለደንበኞቹ ሲያስረዳ ዋለ።

አክስቴ ሱቋ ገብታ ጫማዋን አወለቀች። ጉልበቷን እያሸች አባቴን ጠራችው።

«አንተ፣ ያ በር አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ብርድ ገደለኝ እኮ።»

በሩን እኔና አባቴ ተሸክመን አመጣነው። እንጨቱ ትንሽ አብጦ ስለነበር ከታች በኩል መላግ አስፈለገው፤ አባቴ ሲልግ ዓይኑን ደጋግሞ እየጠረገ ሰጋቱራ ገባብኝ ይላል። ገጥሞ ሲጨርስ አክስቴ ወደ ውስጥ ገባችና ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሁላችንም ሰማን።

አባቴ መዶሻውን ውስጥ ረስቶ ነበር። አንኳኳ።

«ማነው?» አለች።

አባቴ ቀልድ አያውቅም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሕጉ ነኝ።»

ሳቋን ከውስጥ ሰማነው፤ ፖሊሶቹ ከመጡበት ጠዋት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ሕጉ ከሆንክማ ቆመህ ጠይቅ» አለችው።

«ልግባ?»

«ግባ።»