አኬሎና የረቡዕ ሻይ

አኬሎ ረቡዕ ረቡዕ ከገበያ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ትመጣና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቀመጣለች። ከንጋት ጀምራ የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ የዋለች ሴት ናት። እግሯ ያብጣል፤ የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ለደከመ ሰው አይራራም። ስብሰባው ዐሥር ሰዓት ላይ እስኪጀመር ዓይኗን ጨፍና ታርፋለች። ሰው እንቅልፍ ወሰዳት ይላል እንጂ አትተኛም፤ ሁሉንም ትሰማለች።

አዳራሹ ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ረቡዕ የሚሰበሰቡበት ግን መጠጥ ጥሏቸው የነበሩና አሁን ተደጋግፈው ለመቆም የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው። አኙዋክም፣ ኑዌርም፣ ከደጋ የመጣም አለ። የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ ቃል ሲያጥር በእጅ ይሞሉታል።

አኬሎ የጎግ ወረዳ ልጅ ናት። ባሏን ተከትላ ከተማ ገባች፤ ባሏ ሲሞት ልጆቿን ለማሳደግ አረቄ ማውጣት ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት አወጣች። መጀመሪያ ትቀምስ ነበር፣ ኋላ ትጠጣ ጀመር፣ በመጨረሻ ለራሷ የምታስቀረው ከምትሸጠው በለጠ። ግቢዋ ውስጥ ከሚጠጡት አንዱ ኦቻንግ የሚባል ሰው ነበር። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ቆየና ልታጠብ ብሎ ወደ ባሮ ወንዝ ወረደ። ሬሳው በሁለተኛው ቀን ከወንዙ በታች ተገኘ። አኬሎ ልቅሶው ላይ ከልቧ አለቀሰች። ከልቅሶው ተመልሳ ግን እሳቱን አነደደች። ኦቻንግ ከሞተ በኋላ አራት ወር ሙሉ አረቄ አውጥታለች። ይህን አፍ አውጥታ ለማንም አልተናገረችም፤ ሰፈሩ ግን ያውቃል።

የተወችው ራእይ ታይቷት አይደለም፤ ደክሟት ነው። አንድ ጠዋት እንስራውን ማንሳት አቃታትና ቁጭ አለች። በማግስቱም አላነሳችውም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። ሐሙስና ዓርብ ቀላል ነው። እሑድ ላይ አፏ ይደርቃል። ማክሰኞ ከጎረቤት ግቢ የጥንስሱ ሽታ ሲመጣ እግሯ ወደዚያ ይሳባል፤ "ነገ ረቡዕ ነው" እያለች ታልፈዋለች። ረቡዕ ከሌለ ማክሰኞን እንደማታልፍ ታውቃለች።

ስብሰባውን የጀመረው ኃይለኢየሱስ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የመኪና መካኒክ የሆነ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አዳራሹን የሚጠርገው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ ስብሰባውን የሚመራው፣ የቀረውን ሰው ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነበር። ከዳር ሆና የምታየው አኬሎ ትከሻው ከዓመት ዓመት ሲወርድ ታዝባለች።

በሰኔ መጀመሪያ እናቱ መቲ ከተማ በጠና እንደታመመችና ሊያስታምማት እንደሚሄድ ነገራቸው። ሦስት ረቡዕ ብቻ ቀርቶታል። ሻዩን ማን ይይዛል፣ የቀረን ሰው ማን ይጠይቃል፣ ማን ይመራል ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ኃይለኢየሱስ ለመነ፤ ቀለደም። ሻይ ማፍላት የዶክተር ፈቃድ አይፈልግም አላቸው። ማንም አልሳቀም። በመጨረሻ ድምፁ ቀዝቅዞ፣ ሰው ካልተገኘ አዳራሹን ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አስረክቦ እንደሚሄድ ተናገረ።

ሰዉ ሲበተን አኬሎ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ኃይለኢየሱስ ብርጭቆ እየሰበሰበ ወደ እሷ ደረሰ።

"እማማ፣ አልሄዱም?"

"ተናደድክብን" አለችው።

ደክሞት አጠገቧ ቁጭ አለ። መናደድ እንዳልሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልገባው ነገር እንዳለ ነገራት። እሑድ ዕለት ሌላውን ሁሉ ሲረዱ ያያቸዋል፤ የሰው ቤት ሲሠራ ጭቃ ያቦካሉ። እዚህ ግን አንድ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው የለም።

"ሁልጊዜ 'አገልግሎት' ትላለህ" አለችው አኬሎ። "እኛ እኮ ከአገልግሎት ታግደናል።"

"ማን አገዳችሁ?"

ነገሩን አስረዳችው። በእሷ ቤተ ክርስቲያንና እዚያ ከሚመጡት ብዙዎቹ በሚያመልኩበት ሁሉ፣ ሰክሮ የተገኘ ሰው ከአገልግሎት ይታገዳል። መዘምራን ውስጥ አይቆምም፣ ወንበር እንኳ አያስተካክልም። ሽማግሌዎች መርምረው፣ በጉባኤ ፊት ንስሐ ገብቶ፣ "ተመልሷል" እስኪባል ከኋላ ይቀመጣል። እሷ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ኃይለኢየሱስ "ማን ያገልግል?" ባለ ቁጥር እያንዳንዱ በልቡ "እኔ ገና አልነጻሁም፣ የነጻው ይነሳ" ይላል፤ የነጻ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም።

ኃይለኢየሱስ አፉን ከፍቶ አያት። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ይህን ከማንም ሰምቶ አያውቅም።

"እና እኔን ንጹሕ ነው ብላችሁ ነው ስድስት ዓመት የተዋችሁኝ?"

"አንተ የኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለህም። አንተን ማን ያግድሃል?"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ያን አዳራሽ መጀመሪያ የጠረገ ቀን ከመጠጥ የተለየው ገና ሦስት ቀኑ እንደነበር ነገራት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረው የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው መጥረጊያ ያነሳው።

"መጥረጊያ ባላነሳ ኖሮ በአራተኛው ቀን እጠጣ ነበር" አላት።

አኬሎ ይህን ሰማች፤ ግን የከበዳት ሌላ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው በመለኪያ የቀዳችው እሷ ናት። ኦጆት የተባለው፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ዝምተኛ ሰው፣ የኦቻንግ ታናሽ ወንድም ነው። ዓመት ከስምንት ወር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሰላምታ ተለዋውጠው አያውቁም። እንዲህ ያለች ሴት ሻይ ብትቀዳ ማን ይጠጣል? ይህን ጠየቀችው።

"እሱን እኔ አላውቅም፣ እማማ" አለ ኃይለኢየሱስ። ውሸት ለመናገር እንኳ ጉልበት አልነበረውም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ኃይለኢየሱስ ማንንም ከመጠየቁ በፊት አኬሎ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በአኙዋክኛ ተናገረች።

"እኔ ታግጃለሁ። እናንተም ታግዳችኋል። ሽማግሌዎቹን ከጠበቅን ይህ ቤት ይዘጋል፤ ቤቱ ከተዘጋ እኔ እጠጣለሁ። ከናንተ ለብዙው አረቄ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ። ከኔ እጅ ያልፈለገ አይጠጣ።"

ኦጆት ተነሳና ወጣ። የሄደበትን ማንም ዞሮ አላየም። ጥቂት ቆይቶ፣ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የምትሠራው አባንግ፣ ማንበብ ስለምትችል የስብሰባውን መክፈቻ ጽሑፍ እሷ እንደምታነብ ተናገረች። ስትናገር ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ወንበር መደርደሩን አንድ ሌላ ሰው ያዘ። የቀረን ሰው መጠየቁ ባለቤት አላገኘም። ኃይለኢየሱስ አልጨቀጨቃቸውም። በሦስተኛው ረቡዕ ሁሉንም ተሰናብቶ መቲ ሄደ።

አኬሎ ዓሣዋን ቀደም ብላ እየሰበሰበች አዳራሹ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ስኳር አበዛች፤ ሰዎቹ ጠጡላት። አንዱ አረቄዋ ይሻል ነበር ብሎ ቀለደና ራሱ ደነገጠ። እሷ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ። ኦጆት ግን አልመጣም። በሚቀጥለውም ረቡዕ ቀረ።

ሁለት ረቡዕ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ኃይለኢየሱስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አኬሎ አባንግን ጠየቀቻት፤ አባንግ ተረኛ ናት። ሌላውን ጠየቀች፤ ኦጆትን እንደሚፈራው ነገራት። ሐሙስ ዕለት ከገበያ ስትመለስ ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር። ወደ ቤቷ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። እግሯን ያማታል። ማንም አላየኝም ብላ ብትሄድ የሚወቅሳት የለም። ቆመች፣ ቆመችና የኦጆትን ሰፈር መንገድ ያዘች።

ኦጆት በረንዳው ላይ ነበር። አልጠጣም፤ ሽታ የለውም። ግን ፊቱ ማክሰኞ ማክሰኞ የእሷ ፊት የሚመስለውን መስሎ ነበር፤ ይህን ፊት አኬሎ ታውቀዋለች። ተቀመጪ አላላትም። በአኙዋክኛ፣

"ሰው ጠፍቶ ነው አንቺን የላኩሽ?" አላት።

"ማንም አልላከኝም። ሰው ግን ጠፍቷል።"

"ወንድሜ የሞተው ካንቺ ግቢ ወጥቶ ነው።"

"አዎ" አለች። "ከዚያም በኋላ አራት ወር ቀድቻለሁ።"

ይህን ከአፏ ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። ይቅርታ የሚለውን ቃል በመንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር፤ አሁን ትንሽ ሆነባትና ተወችው። ኦጆት ከእሷ እጅ ምንም እንደማይጠጣ፣ እስኪሞት እንደማይጠጣ ነገራት።

"አትጠጣ" አለችው። "ና ግን። እዚህ ብቻህን ከተቀመጥክ ከሌላ ሰው እጅ ትጠጣለህ።"

መልስ ለመጠበቅ የሚሆን ጉልበት ስላልነበራት በዚያው ጭቃ ተመልሳ ሄደች።

ረቡዕ ዕለት የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ ነበር። አኬሎ እሳቱን አንድዳ፣ ባዶውን ድስት አስቀምጣ፣ ከየት ውሃ እንደምታመጣ እያሰበች ቁጭ አለች። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ኦጆት በአንድ እጁ ሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ። እሳቱ አጠገብ አስቀመጠው። ፊቷን አላያትም።

"ሻይ አልጠጣም" አለ። "ውሃ ማምጣቱን ግን እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ አሮጊት ነሽ፣ መሸከም አትችዪም።"

አኬሎ ጀሪካኑን ልታነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም። ኦጆት ጎንበስ ብሎ ድስቱ ውስጥ ገለበጠላት። እንጨቱ ግማሹ ነዶ አልቋል።

"በሚቀጥለው ቀደም ብለህ አምጣ" አለችው። "እንጨቱ በከንቱ እየነደደ ነው።"

ኦጆት ጀሪካኑን አንስቶ ተጨማሪ ውሃ ሊያመጣ ወጣ።